በስንጥቁ ላይ የተለጠፈችው መስታወት

እትዬን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የጠረገች፣ የወለወለች፣ አግዳሚ ወንበሩን ያስተካከለች፣ የርግብ ኩስ ከመስኮት ደፍ ላይ የፋቀች እሷ ናት። ሰው ሁሉ "እትዬ" ይላታል፤ ታላቅ ወንድሟ ብቻ "ሰባሪት" ይላታል። ምነው ቢሉ፣ ልጅ ሳለች እጇ የነካው ሁሉ ይሰበር ነበር። የፋኖስ ብርጭቆ ሰበረች። የእናቷን ማሰሮ ሰበረች። አንድ ቀን ደግሞ ወንድሟ ከአለቃው ተውሶ ያመጣውን ውሃ ልክ፣ ያንን ግንበኛ ድንጋይ የሚያስተካክልበትን ባለ ብርጭቆ መለኪያ፣ ከደረጃ ላይ ጥላ ፈረካከሰችው። ለዚያኛው የቀመሰችውን ኩርኩም እስከ ዛሬ አትረሳውም። እሱ ረስቶታል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወንድሟ ግንበኛ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ የዘጠኝ፣ እሱ የሃያ ዓመት ልጆች ነበሩ፤ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። "ጋሼ" ትለዋለች። ጋሼ አንድ ነገር አጉድሎባት አያውቅም፤ ሳይቆጣ የዋለበት ቀንም የለም። እሷን ይቆጣል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ አሸዋው ላይ የወረደውን ዝናብ እንኳ ይቆጣል። ሥራውን በተመለከተ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ በኖራና በድንጋይ እሱን የሚያህል በከተማው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሲጠግን ነው ያረጀው። እሷ አግብታ ባሏ በአራተኛው ዓመት ሲሞትባት ወደ እሱ ተመለሰች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት አብረው መኖር ጀመሩ። የጽዳቱን ሥራ ያስገኘላትም እሱ ነው። "ይኸውልሽ ሰባሪት፣ ድንጋይ ነው" አላት። "እሱን እንኳ አትሰብሪውም።"

ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኘው ጋሼ ነበር፤ ማንም ሳይሾመው ማለት ነው። እሷ ወለል እየወለወለች ታሪኩን ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። አዳራሹ መጀመሪያ ተሠራ። እነማን እንደሠሩት አይታወቅም፤ አለቱን ጠርበው መሠረት አድርገው፣ ግድግዳውን የአንድ ሰው እጅ ቢዘረጋ የማይሞላው ውፍረት ሰጥተው፣ ስምንቱን ቅስት ያለ አንዲት ብረት አቆሙት። የመጀመሪያውን ቅስት ጋሼ ከሁሉ አስበልጦ ይወደዋል፤ ድንጋዮቹ አንድ ቀይ አንድ ነጭ እየተፈራረቁ ነው የተደረደሩት፤ መሐል አናቱ ላይ ደግሞ ወይን የያዘች እጅ ተቀርጻበታለች። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሀብታም ነጋዴ መጣና የደወል ማማ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ታሟል፣ ቸኩሏል፣ ሳይሞት ደወሉን መስማት ይፈልጋል። አለት እስኪገኝ የሚቆፈርበት ጊዜ የት አለና! አንድ የደረቀ የውሃ ጉድጓድ ደፍነው በላዩ ላይ ማማውን ከአዳራሹ ጋር አጣበቁት። "አዳራሹና ማማው በግድ የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው" ይል ነበር ጋሼ። "አንዱ አለት ላይ ተኝቷል፣ አንዷ ትቢያ ላይ። እስከ ዛሬ መኖራቸው ነው የሚገርመው።" እንግዳው ይስቃል። ነጋዴውም ደወሉ በተሰቀለ በሳምንቱ ሞተ ይባላል፤ ቢያንስ ያሰበው ሞላለት።

ሁለቱ በተጣበቁበት ቦታ፣ ወደ ማማው በሚያወጣው ጠባብ ደረጃ ላይ፣ አንዲት ስንጥቅ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋሼ ስንጥቋን በኖራ ደፈነና በላይዋ ላይ የጣት ያህል ስፋት፣ የመዳፍ ያህል ርዝመት ያላት ስስ መስታወት አጋደመ። አንድ ጫፏን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ሌላ ጫፏን በማማው ግድግዳ ላይ በጀሶ ለጠፋት፤ ጀሶው ሳይደርቅም ቀኑን በሚስማር ጫረበት። "ምስክሬ ናት" ይላታል። በየወሩ በባትሪ እያየ በደብተሩ ላይ "ደህና" ብሎ ይጽፋል። ለእህቱ ምን አላት? "ይቺን የነካሽ እንደሆነ ወዮልሽ!" አላት። በቃ፤ ሌላ ምንም አላለም። ሙያውን የሚያስረዳት መስሏችኋል? ለሱ እሷ ጀሶ ስታቦካለት የኖረች እጅ እንጂ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም።

ታዲያ እሷ በገዛ ጭንቅላቷ አሰበች። ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ጋሼ በላዩ መስታወት ለጥፏል፤ እንዳትነኪ ብሏል። ስለዚህ መስታወቷ ናት ማማውን ከአዳራሹ ጋር ይዛ ያቆመችው ብላ ደመደመች። ይህን ያህል ድንጋይ በዚያች ቅጠል በምታህል ነገር መያዙ ገርሟታል፤ ግን ጋሼ ካደረገው ልክ ነው። ሳቁባት እንግዲህ። እናንተስ ያልተነገራችሁን ነገር ስትገምቱ ከዚህ የተሻለ ትገምታላችሁ?

አንድ ማለዳ፣ መስታወቷ በተለጠፈች በዓመቷ ገደማ፣ እትዬ አቧራ ለብሳ አየቻትና አላስችል አላት። በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አደረገቻት፤ እንዲያው ዳበስ ብቻ። በማግስቱ ስትመጣ መስታወቷ መሐል ለመሐል ተሰንጥቃለች። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የጋሼ ቁጣ ታያት። ከቁጣው በላይ ደግሞ ማማው ታያት፤ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ደወል፣ ከሥሩ የሚቀመጡት ሰዎች፣ በእሷ እጅ! መስታወት ቆራጩ ጋ ሮጣ በልኳ አስቆረጠች። ጋሼ ወጥቶ ሳለ ከመጋዘኑ ጀሶ ወስዳ አቦካች፤ ይህን ማን ያስተምራታል! የተሰበረችውን ፍቃ አዲሷን ለጠፈች። የድሮውንም ቀን የጋሼን ጠማማ አጻጻፍ አስመስላ በሚስማር ጫረችው። በወሩ መጨረሻ ጋሼ በባትሪው አየና "ደህና" ብሎ ጻፈ። እሷ ከታች ሆና እንባዋ መጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያተረፈች መስሏት ነበር።

መስታወቷ ግን እንደገና ተሰበረች። በዚያን ጊዜ ባልዲዬ መትቷት ይሆናል አለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትሰበር የደረጃውን በር በኃይል ዘግቼው ነው አለች። ከዚያ በኋላ እዚያ ደረጃ ላይ ጫማዋን አውልቃ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትወጣው፤ በሩን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር የምትዘጋው፤ መስታወቷ አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿን ትውጥ ነበር። ተሰበረች! አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ። "እኔ የተረገምኩ ነኝ" አለች በሆዷ። "ሳልነካ እንኳ እሰብራለሁ።" ልጅ ሳለች የተነገራት ነገር ስለሆነ ማመኑ አልከበዳትም። መስታወት ቆራጩ "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጭራሮ መስታወት ምን ታደርጊዋለሽ?" ሲላት "ለጥልፍ ነው" አለችው። ለጥልፍ መስታወት! እሱም ሰው ነውና ቆረጠላት።

በዚህ መሐል ከከተማው መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ማማውን በድሮ ፎቶ እያስተያየች አየች፣ ለካች፣ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ አስተዳዳሪው አባና የኮሚቴው ሰዎች በተሰበሰቡበት "ማማው ወደ ውጭ እያጋደለ ይመስለኛል" አለች። "ለጊዜው ተዘግቶ ይጠና። ከሥሩ ሰው ባይቀመጥ ይሻላል።"

ጋሼ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ እዚህ ግድግዳ ላይ ነበርኩ። ፎቶ ይዋሻል። የኔ ምስክር አትዋሽም።" ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። "ዘጠኝ ዓመት! አንዲት መስታወት! አንድ ቀን አልተሰበረችም!"

መሐንዲሷ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። "ይህ እውነት ከሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው" አለች፤ ከዚያም አንዱ የኮሚቴ አባል ግራ ገብቶት ስላየችው አስረዳችው። "መስታወት አይለጠጥም። ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ ይሰበራል፤ ማንም ሳይነካው። ስለዚህ ነው የሚለጠፈው። ግድግዳውን ለመያዝ አይደለም፤ እንዲናገር ነው።"

እትዬ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ማንም ሳይነካው። ሰባት ጊዜ! አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ግን ጋሼን እያዩ ነበር። ኮሚቴው አጨበጨበለት፤ አባም "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። መሐንዲሷ የሚዘጋ ነገር እንደሌለ ጽፋ፣ ከስድስት ወር በኋላ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ጋሼ እያፏጨ ወጣ። ሲያፏጭ የሰማችው ከስንት ዓመት በፊት እንደነበር እንጃ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ይህን ታውቃለች፤ ማን ጋ ሄዳ ታውጣው? መጀመሪያ አባ ጋ ሄደች። እጃቸውን ስማ "አባ፣ መስታወቷን እኔ ነኝ…" ብላ አለቀሰች።

"የምን መስታወት ልጄ?"

"የደረጃዋን። ተሰብራ ቀየርኳት። ሰባት ጊዜ።"

አባ ሳቅ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ መስታወት መስበር እኮ ኃጢአት አይደለም። ቀይረሽዋል፤ አበቃ። በዚህ ነው የምታለቅሺው?" ሰው ይጠብቃቸው ነበርና ባርከዋት ሄዱ። በማግስቱ ተመልሳ በሩን ብታንኳኳ ለጉዳይ ወደ ሌላ ከተማ ወጥተዋል ተባለች። የኮሚቴውን ሊቀ መንበር መንገድ ላይ አገኘችውና "ማማው አያስተማምንም" አለችው። "እትዬ፣ አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ?" ብሎ ቀልዶባት አለፈ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ስለዚህ ወደ ጋሼ መሄድ የግድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ ውሃ እያፈሰሰችለት ነገረችው። ከመጀመሪያው ጨርቅ እስከ ሰባተኛዋ መስታወት አንድም አላስቀረችም።

ጋሼ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። "ውሸት!" አለ። "አንቺ ነሽ የሰበርሽው። እጅሽ እኮ ነው! በባልዲ መተሻት፣ በመጥረጊያ መተሻት…"

"ጫማዬን አውልቄ ነው የምወጣው ጋሼ።"

"ሰባት ጊዜ ከሆነ ሰባት ጊዜ መተሻታል!"

"እሺ። እኔ ልሁን። ግን አንድ ጊዜ አንተ ራስህ ለጥፋት። ቁልፉን አንተ ያዝ። እኔ በደጁም አላልፍ።"

ይህን በምን ቋንቋ እምቢ ይበል? በዚያው ቀን ስምንተኛዋን ቅያሪ መስታወት በራሱ እጅ ለጠፋት። ዓይኑ ደክሟል፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም አሳምሮ ለጠፋት። በሩን ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ አንጠለጠለ። "በየጠዋቱ አያታለሁ" አለ። "ከዚያ እንነጋገራለን።" አነጋገሩ አንገቷን ሊያስቀላ የተዘጋጀ ዳኛ ነበር የሚመስለው።

እትዬ በዚያ ሰሞን ያደረገችውን ብታዩ ታለቅሱ ነበር። በየጠዋቱ ከማማው ሥር ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች ብቻዋን እየጎተተች ወደ ወዲያ ማዶ ታሸሻለች። ሰው ይመጣና፣ እዚያ ጥላው ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ መልሶ ይጎትታቸዋል። ትለምናለች። "ወለሉ እርጥብ ነው" ትላለች፤ ጨርቅ አንጥፈው ይቀመጣሉ። "ርግብ ኩሱን ይጥልባችኋል" ትላለች፤ ይስቃሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ስታንቀላፋ አይታ እዚያው አጠገቧ ቁጭ አለችና እስክትነሣ ድረስ ክንዷን ይዛት ቆየች። ሴትዮዋ ፍቅር መስሏት "አመሰግናለሁ እትዬ" አለቻት።

ጋሼ በየጠዋቱ ወጥቶ ይወርዳል። "ደህና ናት" ይላል ከላይ ሆኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። እሷም ልቧ መዋዠቅ ጀመረ፤ ምናልባት እኔው ነበርኩ እንዴ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚያን ጊዜ ጥፋተኛ ብትሆን ደስታዋ ነበር። እኔው በሆንኩ፣ በባልዲዬ በሆነ፣ በእጄ በሆነ እያለች ትጸልይ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሼ ወጣ፤ "ደህና ናት" የሚለው ድምፅ ግን አልመጣም። ጠበቀች። በሩ ክፍት ነበርና ወጣች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ከልማድ። ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ባትሪው በጉልበቱ ላይ በርቶ መስታወቷን ያበራል። መሐሏን አንዲት ቀጭን መስመር ቆርጣታለች።

"አልነካኋትም ጋሼ" አለች።

"አውቃለሁ" አለ።

በዚያው ቀን መሐንዲሷ ተጠራች፤ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ተደረገ፤ የአዳራሹ በር ተዘጋ። ቢያንስ ሰው ሳይጎዳ ቀረ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ለአሥር ቀን ለኩ፣ ቆፈሩ፣ ጻፉ። ከዚያ ኮሚቴው ሲሰበሰብ መሐንዲሷ ሳትቆጣ፣ ዝግ ብላ ተናገረች። የማማው መሠረት በተደፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሰምጧል። ማማው መፍረስ አለበት። እሱ ሲፈርስ ተደግፎበት የኖረው የመጀመሪያው ቅስትም አብሮ ይፈርሳል። "ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ብናውቀው ኖሮ መሠረቱን አጠንክረን፣ በብረት አስረን እናቆመው ነበር" አለች። "አሁን ግን አልፏል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን አልገባኝም። መስታወቷ እንዴት ዘጠኝ ዓመት ሳትሰበር ቆየች?"

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። እትዬ ከኋላ ነበረች። ተነሣች። "እኔ…" አለች።

"ቁጭ በይ እታለም" አለ ጋሼ።

እታለም! በአምሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ተቀመጠች።

"ዓይኔ ደክሞ ነበር" አለ ጋሼ ለኮሚቴው። "መስታወቷን ሳላያት ነው 'ደህና' እያልኩ የጻፍኩት። ዓይኔ እንደደከመ ከታወቀ ሥራውን ትነሡኛላችሁ ብዬ ደበቅሁ። ሌላ ሰው የለበትም።"

ከዚያ ያ ያጨበጨበ ኮሚቴ ምን ምን እንዳለው አልደግመውም፤ ሰው በንዴት የሚናገረው ብዙ ነው። ሊቀ መንበሩ "ስንት ነፍስ ሊጠፋ ነበር!" ብሎ ጮኸበት። አባ አንገታቸውን ደፉ፤ እትዬ ያለቻቸውን አስታውሰው ይሆን አይሆን እሳቸው ያውቃሉ። ዓይኑ መድከሙ እውነት ቢሆንም ሳላያት ጻፍኩ ማለቱ ውሸት ነበር፤ እሷ ታውቃለች። ብትናገር ደግሞ የጋሼን ውሸት ማጋለጥ ነው። ዝም ብትል ጋሼን መቅበር ነው። እንደተቀመጠች ቀረች።

ማማውን ለማፍረስ ከሌላ ቦታ ሠራተኞች መጡ። ጋሼ ቢያንስ የቅስቱን ድንጋዮች በእጄ ላውርዳቸው፣ ቁጥር ልስጣቸው፣ አንድ ቀን ተመልሰው ቢቆሙ ብሎ ለመነ። ቆሞ የለመነበትን ቀን እሷ አታውቅም ነበር። ከአጥሩ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ዘበኛው፣ ጋሼ ራሱ ያስቀጠረው ሰው፣ ዓይኑን እየሸሸ "ትእዛዝ ነው ጋሼ" አለው።

ሁለቱም ቤት ዋሉ። ቤቷ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መስኮት ነበራት፤ ማንኛቸውም ግን አልከፈቷትም። የመዶሻ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል። እትዬ ቁርስ አቀረበች፤ አልበላም። ቁርሱን አነሣች።

"ለምን አላስናገርከኝም?" አለችው በመጨረሻ። "ጥፋቱ እኮ የኔ ነበር።"

ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጣም። ያንን ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ፈራችው።

"በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ፈርቼህ።"

"ብትነግሪኝ ምን የማደርግ መስሎሽ ነበር?"

"የምትቆጣ።"

አየት አደረጋት። እሷም፣ የዋህ ናትና፣ አይደለም እንዲላት ተመኘች። እንዳንቺ ሐሳብ አይደለም፣ አዳምጥሽ ነበር፣ ያኔውኑ ወጥቼ አይ ነበር እንዲላት። ውሸትም ቢሆን ትቀበለው ነበር።

ጋሼ ግን የዚያን ሳምንት ውሸቱን ሁሉ ለኮሚቴው ጨርሶታል።

"አዎ" አለ። "እቆጣ ነበር።"